ኳሱና ሸረሪቱ በአንድ ፒኤስ 5፦ የአንዲት ጌም ቤት የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ይህ ጽሑፍ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ወለል ላይ ባለች አንዲት ጌም ቤት ከታኅሣሥ እስከ ነሐሴ 2016 ዓ.ም. የሆነውን ይመዘግባል። ባለቤቱ ጓደኛዬ ነው። እኔ የተበላሸ ጆይስቲክ እጠግንለታለሁ፤ አንዳንዴም ሒሳቡን አብሬው እሠራለሁ። የእሱንም የደንበኞቹንም ስም አልጠቅስም። ዋጋዎቹንም ትቻቸዋለሁ፤ ከሰፈር ሰፈር ይለያያሉ፣ ቶሎም ያረጃሉ።

ቤቷ አራት ፒኤስ 4 (ፕሌይስቴሽን 4 የሚባለው የጨዋታ ማሽን) ነበራት። አራቱም ላይ የሚጫወቱት ኳስ ነው። የኳሱ ጨዋታ ስም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ሆኗል፤ ጌም ቤት ውስጥ ግን ዛሬም ፊፋ ነው። ሕጉ በየሰፈሩ የታወቀው ነው። ሁለት ሰው ይገጥማል፣ ተሸናፊ ይከፍላል፣ ተረኛ ይቀመጣል። አንዱ ግማሽ 4 ደቂቃ ተሞልቶ፣ ከነቅያሬው ከነጎል ድጋሚው፣ አንድ ጌም 12 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል።

ባለቤቱ ዕቁብ ሲወጣለት ተከታዩን ማሽን፣ ፒኤስ 5ን፣ ለመግዛት ወሰነ። ዕቃውን ዱባይ የምትሠራ እህቱ በሚመጣ ሰው ላከችለት። አብረው ሁለት ሲዲዎች መጡ፤ አንዱ ኳሱ፣ ኤፍሲ 24፤ ሌላው ስፓይደርማን 2፣ የሸረሪቱ ሰው ታሪክ እየተከተሉ የሚጫወቱት። ሁለተኛውን የመረጠችው እሷ ናት። ሻጩ «ይሄኛው ፒኤስ 4 ላይ አይሠራም፣ ለአዲሱ ብቻ ነው» ስላላት ነው፤ እውነቱንም ነው።

ችግሩ

የባለቤቱ ስሌት ቀላል ነበር። አዲሱን ማሽን ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ሰክቶ ኳስ ያስጫውታል፣ በጌም ከሌሎቹ እጥፍ ያስከፍላል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ሞከረው። በሁለተኛው ወደየድሮው ስክሪን ተመለሱ። «ጋሼ፣ ያው ኳስ አይደል እንዴ!» አለው አንድ የዘወትር ደንበኛ። ሣሩ ይጠራል፣ የተጫዋቹ ግንባር ላይ ላብ ይታያል። ተሸንፎ ለሚከፍል ሰው ግን ላቡ እጥፍ አያወጣም።

የጆይስቲክ ጣጣም ነበረበት። ካርቶኑ ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነው። የፒኤስ 4 ጆይስቲክ ከፒኤስ 5 ጋር ይገናኛል፣ የሚያጫውተው ግን የፒኤስ 4 ጨዋታዎችን ብቻ ነው። የፒኤስ 5ቱን ኤፍሲ ከፍተን አሮጌውን ጆይስቲክ ብንሞክር አልቀበልም አለ። መላ ብለን ከፒኤስ 4ቱ የአንዱን ሲዲ አውጥተን አዲሱ ላይ ጫንን። ሠራ። እንግዲህ ሰዉ እጥፍ ከፍሎ የሚጫወተው ራሱኑ የድሮውን ጨዋታ ሆነ፤ ሲዲው የተወሰደበት ፒኤስ 4 ደግሞ ሥራ ፈቶ ተቀመጠ። ሁለተኛው ጆይስቲክ እስኪገዛ ድረስ ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ።

ስፓይደርማን 2 የተከፈተው በዚሁ መሃል፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ጨዋታው ሁለት ጀግኖች አሉት፤ ሁለቱንም እያፈራረቀ የሚያዘው ግን አንድ ሰው ነው። ሁለት ሆኖ መጫወት የሚባል ነገር የለውም። አንድ ልጅ ተቀመጠና ሁለት ሰዓት ተኩል አልተነሳም። ከኋላው አሥራ ምናምን ልጅ ቆሞ ያያል። የሚያይ አይከፍልም። ስክሪኑ ከበሩ አጠገብ ስለነበር በሩ ተዘጋ፤ ኳስ ሊጫወት የመጣው መግቢያ አጥቶ ወደ ሌላ ቤት ሄደ። ማታ ሒሳብ ስንሠራ፣ በሰዓት የተከፈለው በዚያው ስክሪን ኳስ ቢያመጣ ከነበረው አነሰ። «ሲዲውን ሸጬ እገላገላለሁ» አለ ባለቤቱ።

ሳይሸጠው በፊት ጠብ ተነሳ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም ያ ጠብ ነው። ሁሉም የሚገባው በባለቤቱ የተጠቃሚ ስም ነበር። አንድ ጋራዥ የሚሠራ ወጣት ሦስት ቅዳሜ ተመላልሶ ታሪኩን አጋምሶታል። ሌላ ልጅ መጥቶ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ሴቭ ሲያደርግ፣ ማለትም የደረሰበትን ማሽኑ ላይ ሲያስቀምጥ፣ የጋራዡን ልጅ ቦታ መረጠ። ማሽኑ በላዩ ልጻፍበት ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ልጁ ሳያነብ ኤክስ ተጫነ። በአራተኛው ቅዳሜ የጋራዡ ልጅ ጥቁር ጥፍሩን በሱሪው ጠርጎ ተቀመጠ፣ ከፈተ፣ ከአሸዋው ሰውዬ ጋር የሚደረገው የመጀመሪያው ፍልሚያ መጣለት። ገንዘቡ እንዲመለስለት ጠየቀ። ባለቤቱ «ተጫውተህበታል እኮ፣ ምን ልመልስልህ?» አለው። «እኔ የከፈልኩት ለተጫወትኩት አይደለም፣ ለደረስኩበት ነው» አለ ልጁ።

እስከዚያ ቀን ሁለቱን የጨዋታ ዓይነቶች የምንለያቸው በተጫዋች ቁጥር ነበር፤ የአንድ ሰው፣ የሁለት ሰው። ይህ ልጅ ያሳየን ልዩነት ሌላ ነው። ኳሱ ፊሽካ ሲነፋ ያልቃል፤ ተሸናፊው ከፍሎ ሲነሳ የሚቀር ነገር የለም። ታሪኩ ግን ሰውዬው ሲነሳ አያልቅም። እዚያው ማሽኑ ውስጥ ይቆየዋል፤ የሚጠብቅለትም ሰው ይፈልጋል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ ደብተር ያዝን። አስጫዋቹ ልጅ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየስክሪኑ ማን ምን ያህል እንደተቀመጠና ምን እንደተጫወተ ጻፈ። ኳሱ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ይጨናነቃል። ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት አምስቱም ስክሪን ጨለማ ነው። ባለቤቱ በትምህርት ሰዓት ተማሪ አያስገባም።

ስለዚህ ሰዓት ከፈልን። አዲሱ ማሽን እስከ 9 ሰዓት የታሪክ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ የግጥሚያ እንዲሆን ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። የመጀመሪያው ሳምንት ማንም አልመጣም። ታሪክ የሚወደው ተማሪ ጠዋት ክፍል ውስጥ ነው፤ የጋራዡም ልጅ ሥራ ላይ። የጠዋቱ ደንበኛ ሌላ ሰው መሆኑ የገባን ዘግይቶ ነው፦ ሌሊቱን አድሮ የወጣ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ከጠዋቱ ግርግር በኋላ ያረፈ የሚኒባስ ረዳት፣ በኋላም ሐምሌና ነሐሴ ላይ የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚጠብቁ ልጆች። እነዚህ ብቻቸውን ነው የሚመጡት። ብቻውን የመጣ ሰው ድሮ በር ላይ ቆሞ ትንሽ አይቶ ነበር የሚሄደው፤ የሚገጥመው ከሌለው ምን ያደርጋል?

ለእያንዳንዱ ታሪክ ተጫዋች የራሱን ተጠቃሚ ከፈትንለት። ፒኤስ 5 የኦንላይን አካውንት ሳያስገድድ ተጠቃሚ ይከፍታል፣ ሴቩንም ለየብቻ ያስቀምጣል። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ብናደርገው ጠቡ ባልተነሳ። የጋራዡ ልጅ ሁለት ሰዓት በነጻ ተካሰ። አንድ ችግር ግን መፍትሔ አላገኘንለትም። ሰፈር የቀየረ ደንበኛ ሴቩን በፍላሽ እንድንሰጠው ለመነን። የፒኤስ 4 ጨዋታ ሴቭ በፍላሽ ይወጣል፤ የፒኤስ 5 ጨዋታ ሴቭ ግን ለብቻው ተገልብጦ አይወጣም፣ በሚከፈልበት የኦንላይን አገልግሎት ካልሆነ። ልጁ ባዶ እጁን ሄደ።

ብዙ የተቸገርንበት ዋጋው ነው። ኳስ በጌም ስለሚከፈል ታሪኩንም በሚሽን፣ ጨዋታው በየመሃሉ በሚሰጠው ተልእኮ ቁጥር፣ እናስከፍል አልን። ይህ የእኔ ሐሳብ ነበር፣ ሞኝ ሐሳብ ነበር። አንዱ ሚሽን በ10 ደቂቃ ያልቃል፣ ሌላው 40 ደቂቃ ይወስዳል። ከዚያ በላይ ደግሞ ልጆቹ ሚሽኑን ሳይነኩ ኒውዮርክ ላይ በድር ሲወናጨፉ ይውላሉ፤ ሚሽን ካልጀመሩ ሒሳብ አይቆጠርማ! በሁለት ቀን ተውነው። ወደ ግማሽ ሰዓት ክፍያ ዞርን፤ ግማሽ ሰዓቱ ሲደርስ ግን አስጫዋቹ ወዲያው አይቀማም፣ ሴቭ ማድረጊያ እስኪደርስ እስከ 5 ደቂቃ ይመርቅለታል። ይህቺ ምራቂ ጭቅጭቁን አጠፋችው። ከምራቂዋ በፊት ግማሽ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ክርክር ነበር፤ ሰዉ ያልጨረሰውን ውጊያ ጥሎ ሲነሳ ቀኑን ሙሉ ያንገበግበዋል፣ ሁለተኛም አይመጣም።

ኳሱ ውስጥም የተደበቀ የብቻ ጨዋታ አለ። አንድ ደንበኛ ካሪየር ከፍቶ አሠልጣኝ ሆኖ ክለብ ይመራል፤ የሚገጥመው ከማሽኑ ጋር ነው። ተሸናፊ ከፋይ በሚለው ሕግ ሲያሸንፍ ማን ይክፈል? ወራት ሙሉ በጌም ሲከፍል ኖሯል፤ ሲሸነፍም ሲያሸንፍም ራሱ። እሱንም ወደ ጠዋቱ ሰዓትና ወደ ግማሽ ሰዓቱ ክፍያ አዛወርነው። በጣም ደስ አለው።

የምሽቱን ሰዓት ያስተካከለው ተከን 8 ነው። በጥር 2016 የወጣ፣ ፒኤስ 4 ላይ የሌለ የድብድብ ጨዋታ ነው። አንዱ ዙር 60 ሰከንድ ነው፤ ሦስት ዙር ቀድሞ የወሰደ ያሸንፋል። ኳስ ለአዲሱ ማሽን ያላስገኘውን እጥፍ ዋጋ ይሄ አስገኘ፤ ሌላ ስክሪን ላይ አይገኝማ። ግን ግጥሚያው በሦስት በአራት ደቂቃ ስለሚያልቅ በሦስት ግጥሚያ አንድ ክፍያ ሆነ። እዚህ ላይ አሸናፊ ይቀመጣል የሚለው የቤቱ ልማድ ጉድ አመጣ። አንድ ቀጭን ዝምተኛ ልጅ ነበር፤ ለአንድ ሰዓት ከሩብ ማንም ሳያስነሳው፣ አንድ ሳንቲም ሳይከፍል ተጫወተ። ተሰላፊው ተስፋ ቆርጦ ተበተነ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ተራ ያሸነፈ ተጨብጭቦለት ይነሳል።

መብራት

ይህ ለብቻው ይነገር። መብራት ሲሄድ የትኛው ጨዋታ ይጎዳል ቢባል ሁላችንም ታሪኩ እንል ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። ስፓይደርማን በየመሃሉ ራሱ ሴቭ ያደርጋል። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ በትክክል አልተዘጋሁም ብሎ ማከማቻውን ይፈትሻል፣ ከዚያ ልጁ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ከነበረበት ይቀጥላል። የኳስ ግጥሚያ ግን ድራሹ ይጠፋል። «ጋሼ፣ 80ኛው ደቂቃ ላይ ነበርን እኮ! 2 ለ 0 እየመራሁ!» የሚል ጩኸት በጨለማው ውስጥ ይሰማል፤ የሚመራው ይጮኻል፣ የሚመራበት ዝም ብሎ ይስቃል።

ቤቱ ሕግ አወጣ። ከእረፍት በፊት ከሆነ እንደገና በነጻ ይገጥማሉ፤ ከእረፍት በኋላ ከሆነ ውጤቱ ይጸናል። ሕጉ በወጣ በሳምንቱ፣ መብራት ባልሄደበት ምሽት አንድ ስክሪን ብቻውን ጠፋ። 1 ለ 0 የሚመራበት ልጅ እግር ዲቫይደሩ አጠገብ ተገኘ፤ ጨዋታው ገና 30ኛው ደቂቃ ላይ ነበር። ዲቫይደሮቹ አሁን የሚዘጋ ሳጥን ውስጥ ናቸው።

ያልሠራው

ሁለቱን ዓይነት የሚያስታርቅ ጨዋታ ፈልገን ኢት ቴክስ ቱ ገዛን። እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥቶ በዚያው ዓመት በጌም አዋርድስ የዓመቱ ምርጥ የተባለ ነው፤ ታሪክ አለው፣ ግን ያለ ሁለት ሰው ፈጽሞ አይጀመርም። ለእኛ የተሠራ መስሎን ነበር። ችግሩ ያው ሁለት ሰው ተመልሶ መምጣት አለበት። ኳስ ላይ ማንም ከማንም ይገጥማል፤ እዚህ ግን አንዱ ከቀረ ሌላውም ቀረ። ተሸናፊም ስለሌለ ማን ይክፈል የሚለው ነገር ያሳፍራቸዋል። እስከ መጨረሻው የሄዱት አንድ ጥንዶች ብቻ ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ይመጡ ነበር፤ በእኔ ትዝታ ልጅቷ ወደዚያች ቤት ተመላልሳ የመጣች የመጀመሪያዋ ሴት ደንበኛ ናት። ጨዋታው ሊፋቱ ስላሉ ባልና ሚስት መሆኑን ሳስበው አሁንም ያስቀኛል።

ኦንላይኑም አልሆነም። የተገዛ ጨዋታ ኦንላይን ለመግጠም ወርኃዊ ክፍያ ይፈልጋል። የፕሌይስቴሽን መደብር ኢትዮጵያን በአገር ዝርዝሩ ውስጥ አላካተተም፤ አካውንቱ በሌላ አገር ይከፈታል፣ የሚሞላው ካርድም የዚያው አገር መሆን አለበት። እህትየው ከዱባይ ቁጥሩን ልካልን አንድ ወር ሞከርነው። ኳሱ ከጣት ዘግይቶ ይነሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ደንበኛው የሚፈልገው አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ አሸንፎ ፊቱን ማየት ነው፤ በማያውቀው አገር ያለ የማያውቀው ሰው ቢሸነፍለት ማን ላይ ይጨፍር? በወሩ አቆምን።

ሳናስበው የሠራው

ስክሪኑን ከበሩ አንስተን ወደ ውስጠኛው ጥግ ወሰድነው፤ ከኋላው አንድ አግዳሚ ወንበር ተደረገ። ዓላማችን በሩን ማስለቀቅ ብቻ ነበር። ተመልካቹ ግን ተቀመጠ፣ የተቀመጠ ደግሞ ለስላሳ ያዛል። ቀጥሎ ልጆቹ ራሳቸው ሕግ አወጡ፦ የሞተ ያቀብላል። ዓርብ ማታ አምስት ስድስት ሆነው ያዋጣሉ፣ አንድ ከባድ ፍልሚያ ይመርጣሉ፣ የሞተው ጆይስቲኩን ለቀጣዩ ይሰጣል። ሁሉም በየተራው ይመክራል፣ ይሳደባል፣ ይጮኻል። ለአንድ ሰው ተብሎ የተሠራው ጨዋታ ከኳሱ የባሰ የጋራ ሆነ። ባለቤቱ በሰዓቱ ክፍያ ላይ የለስላሳው ሲጨመርለት ሲዲውን የመሸጥ ነገር ማንሳት ተወ።

ሁሉም ፍልሚያ ላይ ግን አይሠራም። ቀላል ሚሽን ላይ ጎበዙ ሳይሞት ግማሽ ሰዓት ይይዘዋል፤ ያዋጡት ሌሎቹ ያንጎላጃሉ።

ለሌላው የሚጠቅመው

አዲስ ማሽን ለጌም ቤትም ሆነ ለቤት የሚገዛ ሰው ከሁለተኛው ሲዲ በፊት ሁለተኛውን ጆይስቲክ ይግዛ። ተጠቃሚውንም በመጀመሪያው ቀን ለየሰው ይክፈት። እነዚህ ሁለቱ ርካሽ ናቸው፤ ያስከተሉብን ኪሳራ ግን ርካሽ አልነበረም።

ጨዋታ ሲመረጥ ስንት ሰው ይጫወተዋል ከማለት በፊት እንዴት ያልቃል ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በራሱ የሚያልቀው ተራ ለሚጠበቅበት ሰዓት ነው። የማያልቀው ደግሞ ማንም ለማይጋፋበት ሰዓት። ይህን ከጌም ቤቱ ወስጄ እህቴ ቤት ሞክሬዋለሁ። ሁለት ልጆችና አንድ ማሽን አላት። ማታ 2 ሰዓት ላይ «አጥፋ!» ስትል ትልቁ «እማ፣ ሴቭ ላድርግ!» ይላል፤ እሷ ማታለያ ይመስላት ነበር። አሁን ለትንሹ «ይሄ የመጨረሻ ጌምህ ነው»፣ ለትልቁ «ሴቭ ጋ ስትደርስ ትነሳለህ» ትላለች። ትልቁ አንዳንዴ ያታልላታል፤ ሴቭ ማድረጊያው የት እንዳለ እሷ አታውቅማ።

ተመልካችን እንደ እንቅፋት ማየትም ስህተት ነበር። አግዳሚ ወንበሩ ከሲዲው ሁሉ ያነሰ ዋጋ ያወጣ ዕቃ ነው።

አሁን ያለበት

ስንጀምር ያልታየን አንድ ነገር አለ፤ ታሪክ ያልቃል። ኳስ ተጫዋች ዓመት ሙሉ ይመላለሳል፣ ታሪኩን የጨረሰ ግን አይመለስም። የጋራዡ ልጅ ሐምሌ ላይ ጨረሰ። ከጨረሰ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጨምሮ ከፍሎ ምንም ሚሽን ሳይነካ በድሩ ከተማዋን ዞረ፤ ከዚያ ወዲህ ለተከን ካልሆነ አይመጣም።

ሳሪስ ያለ ሌላ ጌም ቤት ጎድ ኦፍ ዋር ራግናሮክ አለው፤ እሱም የብቻ ጨዋታ ነው፣ ደንበኞቹ ጨርሰውታል። ሲዲ እንለዋወጥ ብሎ ጠይቋል። ባለቤቱ ደብተሩን ገልጦ ሲያይ ስፓይደርማንን ጀምረው ያልጨረሱ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ውጤት ጠባቂ ልጅ ነው፣ በየቀኑ ይመጣል፣ ሊጨርስ ነው። ሁለተኛው የጥበቃ ሠራተኛው ነው። ከሰኔ ወዲህ አልታየም፣ ስልኩም የለንም። ሲዲው ከሄደ ሴቩ ብቻውን ምንም አያደርግም። ባለቤቱ ለሳሪሱ ሰው እስከ መስከረም ድረስ ጠብቀኝ ብሎታል።